ጉልበትና ክርን፤ ቆሞ የሚሠራ የሰውነት ማጠንከሪያ በትክክል እንዴት ይሠራል?

በትምህርት ቤታችን ስፖርት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ እግር ኳስ ሜዳው ነው። ሜዳው ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሃያ ሁለት ተጫዋች ብቻ ስለ ሆነ፣ የቀረነው በዳር ቆመን እናጨበጭባለን፤ ጨዋታው ሲያልቅም ወደ ወንበራችን እንመለሳለን። ከመማሪያ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ምግብ አዳራሽ፣ ከምግብ አዳራሽ ወደ አልጋ የሚመላለስ ተማሪ «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «ሳጠና ዋልሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ አእምሮው ሲሠራ ውሏል። ልቡ፣ ሳምባው፣ ወገቡና እግሩ ግን ሥራ ፈትተው ውለዋል። ፈተና በቀረበ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ወገብ ይያዛል፣ ትከሻ ይከብዳል፣ የሃያ ዓመት ወጣት ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ የደረጃውን መደገፊያ እንደ ሽማግሌ ይይዛል።

ይህን ስንናገር የሚሰጠንን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን። ሜዳው ይርቃል፤ ጫማ ውድ ነው፤ የመኝታው ክፍል በአልጋና በሻንጣ የተሞላ ነው፤ ጊዜም የለም። እኅቶቻችን ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ምክንያት አላቸው፤ በመንገድ ዳር ልትሮጥ የወጣችን ሴት ተማሪ ከሩጫው ይልቅ የሚያደክማት የመንገደኛው ለከፋ ነው። እነዚህን ምክንያቶች ሰበብ ናቸው ብለን አንንቃቸውም። ነገር ግን ሜዳ፣ ኳስ፣ ጫማና ጓደኛ የማይፈልግ፣ በሁለት አልጋ መካከል ባለች ቦታ ላይ ዐሥር ደቂቃ ብቻ የሚወስድ አንድ ሥራ አለ። ይኸውም ቆሞ አንዱን ጉልበት ወደ ላይ እያነሡ ከተቃራኒው እጅ ክርን ጋር ማቀራረብ ነው። ብዙ ሰው አይቶታል፤ ብዙ ሰውም ሞክሮታል፤ በትክክል የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምንመዝነው በቁጥሩና በፍጥነቱ ነውና። እኛ ግን ጥቅሙ ያለው በአሠራሩ ላይ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ተቀምጦ መዋልና ልብ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ በብሪታንያ የሚሠራ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ ስለ ለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ደረጃውን ሲመላለስ ይውላል። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ከተማ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የልብ ደም ሥር በሽታ ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ በሾፌሮቹ ላይ በዝቶና ከብዶ ተገኘ። ሞሪስ በዚህ አላበቃም፤ በ1956 የደንብ ልብሳቸውን ልክ መርምሮ የሾፌሮቹ ወገብ ሰፊ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከመቀመጥ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ብዙ ጥናቶች የመንቀሳቀስን ጥቅም አጽንተውታል።

ተማሪም ከሾፌሩ ወገን ነው። ልዩነቱ ሾፌሩ መሪ ሲይዝ ተማሪው እርሳስ መያዙ ብቻ ነው።

በዚያው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ የካናዳ አየር ኀይል ዊልያም ኦርባን የተባለ የአካል ማጎልመሻ ሊቅ ያዘጋጀውን አንድ ሥርዓት ለሠራዊቱ አቀረበ። ሥርዓቱ አምስት ሥራዎች ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ጠቅላላ ጊዜው 11 ደቂቃ ነበር። ከ11ዱ ደቂቃ 6ቱን የሚወስደው የመጨረሻው ሥራ፣ ባሉበት ቆሞ መሮጥ ነው። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚጀመረውም በጣም ዝቅ ካለ ደረጃ ነው። ይህ ሥርዓት በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ከካናዳ ውጭ ብዙ ሕዝብ ተጠቀመበት። ከሥራዎቹ መካከል እንደ ወለል ላይ ተኝቶ እግርን ዘርግቶ መነሣት ያሉት ወገብ ላይ ስለሚከብዱ ዛሬ ብዙ አሠልጣኞች አይመርጧቸውም። ዋናው ትምህርቱ ግን አላረጀም፤ ጥቂት ደቂቃ፣ ጠባብ ቦታ፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር ድካም። እኛ የምንናገርለት ሥራም ባሉበት የመሮጥንና የሆድን ሥራ አንድ ላይ አጣምሮ፣ ወለል ላይ ሳይተኙ የሚሠራ ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

አሠራሩን ከመግለጣችን በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሥራውን በግምት አይሠራውምና።

ሆድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከፊት ያለውን ጡንቻ ብቻ ነው። ወገባችንን የሚጠብቁት ጡንቻዎች ግን ዙሪያውን ናቸው። ከፊት፣ ከጎድን አጥንቶች እስከ ዳሌ አጥንት ቀጥ ብሎ የወረደ ጡንቻ አለ። በጎንና በጎን፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው በሰያፍ የሚሄዱ ጡንቻዎች አሉ። ከሁሉ በታች ደግሞ ወገብን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚያስረው ጡንቻ አለ። ከኋላም አከርካሪን ይዘው የሚያቆሙት ይገኛሉ። የገጠር እናት እንስራ ከማዘልዋ በፊት መቀነቷን ጠበቅ ታደርጋለች፤ የውስጡ መቀነትም ሥራው ይኸው ነው፤ እግርና እጅ ሲንቀሳቀሱ አከርካሪ እንዳይናወጥ ያደርጋል።

ጉልበትን ወደ ላይ የሚያነሣው ዋና ጡንቻ ከወገብ አከርካሪና ከዳሌ አጥንት ውስጥ ተነሥቶ በጭን አጥንት ላይኛው ክፍል ላይ የሚያርፍ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል። ይህ ጡንቻ ጭንን ወደ ላይ ሲስብ፣ አከርካሪንም ወደ ፊት ይስባል። መቀነቱ ከጠበቀ አከርካሪ ባለበት ይጸናል፤ የሚነሣው ጉልበት ብቻ ነው። መቀነቱ ከላላ ግን ወገብ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ ሥራው በተደጋገመ ቁጥርም ሆድ ሳይሆን ወገብ ይደክማል። «ስፖርት ሠርቼ ወገቤን አመመኝ» የሚሉ ብዙዎች የሚጎዱት በዚህ መንገድ ነው።

የቆመውም እግር ሥራ ፈት አይደለም። አንዱ ጉልበት በተነሣ ጊዜ የሰውነት ክብደት ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃል። በዚያ ጊዜ በቆመው እግር በኩል በዳሌ ጎን ያሉት ጡንቻዎች ዳሌ ወደ ተነሣው እግር እንዳያዘነብል ይይዙታል። ደረት ወደ ጉልበቱ ሲዞር ደግሞ የአንዱ ጎን የውጭ ጡንቻ ከሌላው ጎን የውስጥ ጡንቻ ጋር ይተባበራል። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ትልልቅ ስለ ሆኑ ሲሠሩ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህም ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽም ይበዛል። ልብና ሳምባ የሚሠለጥኑት በዚህ ነው።

በዚህ ቦታ አንድ የተስፋፋ ስሕተት እናርማለን። የሆድ ጡንቻን ማሠራት የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ጡንቻው ይጠነክራል፤ ስብ ግን የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ነው፣ እርሱም በምግብ ልክና በጠቅላላው እንቅስቃሴ ብዛት ነው። ደግሞም ቆሞ የሚሠራው ሥራ፣ ወለል ላይ ተኝቶ ከሚሠራው ይልቅ በፊተኛው የሆድ ጡንቻ ላይ የሚጥለው ጫና ቀላል ነው። ብልጫው ሆድን፣ ወገብን፣ የእግር ሚዛንንና ልብን በአንድነት ማሠራቱ ነው።

አሠራሩ

1ኛ፤ አቋቋም። በባዶ እግር ወይም በማያንሸራትት ጫማ ይቆማል፤ በካልሲ ብቻ መሥራት ግን ለመውደቅ ያጋልጣል። ሁለቱ እግሮች በዳሌ ስፋት ይራራቃሉ። ጉልበቶች ጥቂት ይላላሉ እንጂ ወደ ኋላ አይገተሩም። የእግር መዳፍ እንደ ሦስት ጉልቻ በሦስት ቦታ መሬት ይይዛል፤ በተረከዝ፣ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር። ከሦስቱ አንዱ ከለቀቀ ድስቱ ይዘነብላል።

2ኛ፤ እጅ። የጣቶች ጫፍ ከጆሮ አጠገብ ይደረጋል፤ ክርኖች ወደ ጎን ይከፈታሉ። ጣቶችን ከማጅራት ኋላ አቆላልፎ ራስን መጨበጥ አይገባም፤ እጅ ራስን መሳብ ስለሚጀምር አንገት ይጎዳል። ዐይን ወደ ፊት ያያል፤ አገጭም አይወድቅም።

3ኛ፤ ወገብን ማሰር። ጓደኛችን በጨዋታ ሆዳችንን በጣቱ ሊነካ ሲል ሳናስበው ሆዳችንን ጠበቅ እናደርጋለን። የሚፈለገው ያ ነው። ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ወይም ትንፋሽን ማፈን አይደለም። ልኩ፣ ጠበቅ አድርገን ሳለን እንደ ልብ መናገር መቻላችን ነው።

4ኛ፤ ማንሣት። በመጀመሪያ ክብደት ወደ ግራው እግር ይተላለፋል። ከዚያ ሁለት በሚቈጠርበት ጊዜ ውስጥ የቀኙ ጉልበት እስከ ዳሌ ከፍታ ይነሣል፤ ጭኑም ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሆናል። በዚያው ጊዜ ደረት ወደ ቀኝ ይዞርና የግራው ክርን ወደ ቀኙ ጉልበት ይቀርባል። ክርኑን የሚያመጣው የደረት መዞር ነው እንጂ የአንገት መጎንበስ አይደለም። ጉልበት ሲነሣ ትንፋሽ ይወጣል። ጉልበትና ክርን መነካካታቸው ግዴታ አይደለም፤ አንድ ስንዝር ቢቀራቸው ምንም አይደለም፤ ስንዝሯ ከቀን ወደ ቀን ትጠባለች።

5ኛ፤ መቆየት። ከላይ አንድ እስኪቈጠር ድረስ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ሥራው ትክክል ስለ መሆኑ ምስክሩ ይህች አንዲት ቍጥር ናት። ሰውነት ከተወዛወዘ ጉልበት የተነሣው በጡንቻ ሳይሆን በውርወራ ነው ማለት ነው።

6ኛ፤ መመለስ። እንደ ገና ሁለት በሚቈጠርበት ጊዜ ውስጥ እግር ይወርዳል፣ ደረት ወደ ፊት ይመለሳል፣ ትንፋሽ ይገባል። እግር ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል። ከዚያ በግራው ጉልበትና በቀኙ ክርን እንዲሁ ይደገማል።

ይህ ዝግተኛው አሠራር ነው። ፈጣኑ፣ ዝግተኛው በደንብ ከተያዘ በኋላ የሚመጣ ነው። በፈጣኑ ጊዜ ከላይ መቆየት ይቀራል፤ እግርም መሬት ሲነካ መጀመሪያ በፊተኛው መዳፍ ያርፍና ተረከዙ በቀስታ ይከተላል። ከታች ባለው ፎቅ የሚያጠና ጓደኛ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ቢመታ፣ አወራረዳችን መበላሸቱን ነገረን ማለት ነውና ልናመሰግነው ይገባል።

የሚዘወተሩ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ጉልበት ወደ ክርን በመምጣት ፈንታ ክርን ወደ ጉልበት መውረዱ ነው። ሠሪው ጀርባውን ያጎብጥና ጉልበቱን በጥቂቱ ብቻ ያነሣል። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱ ተገናኝተዋል፤ ሥራው ግን አልተሠራም። መድኃኒቱ፣ የአናታችንን ጫፍ ወደ ጣሪያ እንደሚስቡት ያህል ረዝሞ መቆምና ጉልበቱ የደረሰበት ድረስ ብቻ ማንሣት ነው።

ሁለተኛው ጉልበት ሲነሣ ወደ ኋላ መለጠጥ ነው። ይህን ለመመርመር ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ተረከዝን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ መቆም ነው። መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን እንደ ነኩ፣ እጅ ከጎን ሆኖ፣ ጉልበት በዝግታ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ወገብ ከግድግዳው ይበልጥ እየራቀ ከሄደ መቀነቱ ላልቷል።

ሦስተኛው የዳሌ ማዘንበል ነው። ሁለቱን አመልካች ጣቶች ከፊት በሁለቱ የዳሌ አጥንት ጫፎች ላይ አድርጎ በመስታወት ፊት ጉልበትን ማንሣት ነው። አንዱ ጣት ከሌላው እጅግ ዝቅ ካለ፣ የቆመው እግር ሥራውን አልሠራም። በዚያው መስታወት የቆመው ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቁንም ማየት ይቻላል፤ ጉልበት ከእግር ጣቶች አቅጣጫ መውጣት የለበትም። ሚዛን የሚያስቸግረው ሰው አንድ እጁን በግድግዳ ወይም በአልጋ ብረት ላይ ቢያሳርፍ ነውር የለበትም።

አራተኛው ትንፋሽን ማፈን፣ አምስተኛው መቸኰል ነው። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአንድ ደቂቃ መቶ ጊዜ እግሩን የወረወረ ሰው ሃያ ጊዜ በትክክል ካነሣው ይልቅ ላብ ያልበው ይሆናል፤ ወገቡ ግን ከሥልጠናው ያገኘው ጥቂት ነው።

መጠኑ

በመጀመሪያው ሳምንት በዝግታ፣ በእያንዳንዱ ጎን 10 ጊዜ ይሠራል፤ አንድ ደቂቃ ይታረፋል፤ ይህ 3 ጊዜ ይደገማል። በሁለተኛው ሳምንት ድግግሞሹ 4 ይሆናል፤ ይህም ከነ ዕረፍቱ ወደ 10 ደቂቃ ይወስዳል። በሦስተኛው ሳምንት ፈጣኑ ይጀመራል፤ 30 ሰኮንድ በፍጥነት፣ 30 ሰኮንድ ባሉበት በዝግታ በመራመድ፣ 10 ጊዜ። በአራተኛው ሳምንት ፍጥነቱ 40 ሰኮንድ፣ ዝግታው 20 ሰኮንድ ይሆናል። በማንኛውም ጊዜ አሠራሩ ከተበላሸ፣ ቍጥሩ ባይሞላም ማቆም ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የድካሙን ልክ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ መናገር ነው። እየሠራን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልን ድካሙ መካከለኛ ነው፤ ጥቂት ቃል ተናግረን ለመተንፈስ ከቆምን ከባድ ነው። የልብ ምት መቍጠር የሚፈልግ በእጅ አንጓ ላይ 15 ሰኮንድ ቈጥሮ በ4 ያባዛል። ከ220 ላይ ዕድሜ ሲቀነስ የልብ ከፍተኛ ምት በግምት ይገኛል፤ ለ20 ዓመት ወጣት 200 ይሆናል ማለት ነው። ለመካከለኛ ድካም በዚህ ዕድሜ ከ120 እስከ 150 ያለው ምት ይበቃል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ድሬዳዋ 1,200፣ ጋምቤላ ከተማ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ናቸው። ከቈላ አገር በቅርብ የመጡ ጓደኞቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቢያለከልኩ ስስ የሆነው አየር ነውና ራሳቸውን ሰነፍ ብለው አይፍረዱ፤ ሰውነት እስኪለምድ ዝግተኛውን ይሥሩ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር ቢያንስ በሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ለዐሥር ዐሥር ደቂቃ የሠራ ሰው 50 ደቂቃ ብቻ አገኘ። ስለዚህ ይህ ሥራ ብቻውን አይበቃም፤ ቀሪው በእግር በመሄድና ደረጃ በመውጣት ይሞላል። ከዜሮ ወደ ኀምሳ መሻገር ግን ትንሽ ነገር አይደለም፤ መመሪያው ራሱ ጥቂት መንቀሳቀስ ፈጽሞ ካለመንቀሳቀስ ይሻላል ይላል።

ጥንቃቄ

በአገራችን በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የልብ በሮች በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል። ስለዚህ ወጣት ነኝና ልቤ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። በሥራ ጊዜ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን የሚያዞረው ወይም የሚስት፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ወዲያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይህን «አጓጉል ፍርሃት ነው» ብሎ የሚያሾፍ ጓደኛ ቢኖር አይሰማ። የጉልበት ወይም የወገብ ጉዳት ያለበት ከሐኪም ጋር ተማክሮ፣ ጉልበቱን ዝቅ አድርጎና ደረቱን ሳያዞር፣ ባለበት በዝግታ ቢራመድ ይሻለዋል።

ምግብ ከተበላ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት መቆየት መልካም ነው። በጾም ወራት እስከ ማታ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ጓደኞቻችን ፈጣኑን ትተው ዝግተኛውን ቢሠሩ፣ ወይም ካፈጠሩና ውሃ ከጠጡ በኋላ ቢያደርጉት ይመረጣል።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አባሎች እናቀርባለን። ብቻውን የጀመረ ሰው ፈተና ሲመጣ ይተወዋል፤ «ጊዜ የለኝም» ለማለት ከራሱ በቀር የሚጠይቀው የለምና። በየመኝታው ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከማታው ጥናት በፊት ዐሥር ደቂቃ ወስነው፣ አንዱ እየቈጠረ፣ አንዱ የሌላውን ወገብና ጉልበት እየተመለከተ ቢሠሩ፣ ስሕተቱም ይታረማል፤ ልማዱም ይጸናል። የቡድን ማሊያ የሚለብሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ለዚህኛው ሥራ ግን መራጭ አሠልጣኝ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ወገባችን እስኪያመን ሳንጠብቅ ዛሬ ማታ በዝግታው፣ በዐሥሩ እንጀምር።